ቤት የሚውል አባት፦ ጨቅላ ማሳደግ በሐይቅና በአምባሰል

ከጨቅላ ልጁ ጋር ቤት የሚውል አባት የሕፃኑን የዕለት እንክብካቤ በዋናነት በራሱ እጅ የያዘ ሰው ነው። ያጥባል፣ ያለብሳል፣ ያበላል፣ ያስተኛል፣ ያስከትባል፤ ልጁ ሲታመምም አቅፎ ጤና ጣቢያ የሚያደርሰው እሱ ነው። በሐይቅ ከተማና በአምባሰል ወረዳ እንዲህ ያሉ አባቶች ብዙ አይደሉም፤ ግን አሉ። ወደዚህ ኑሮ የሚያስገቡት ምክንያቶችም ይታወቃሉ። መምህርት፣ ነርስ ወይም የባንክ ሠራተኛ የሆነች እናት የወሊድ ፈቃዷ ሲያልቅ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች፤ ሱቁ ከቤቱ የተያያዘ ወይም የእርሻ ሥራው በበጋ ፋታ የሚሰጠው አባት ልጁን ይረከባል። ሌላዋ እናት ዓረብ አገር ትሄድና ልጅ ከአባቱ ጋር ይቀራል። አንዳንድ ቤት ደግሞ እናት በወሊድ ትታመማለች ወይም ሕይወቷ ያልፋል።

በሁሉም ቤት የሚነሳው ጥያቄ አንድ ነው፤ ወንድ ይህን ሥራ ይችለዋል ወይ? መልሱ የሚገኘው ከሥራው ዝርዝር ነው። ሕፃን ከሚያስፈልገው እንክብካቤ ውስጥ ለእናት ብቻ የተሰጠው ጡት ማጥባት ነው፤ የቀረው ሁሉ በልምድ የሚገኝ የእጅ ሥራ ነው።

ስፍራውና የሥራ ክፍፍሉ

ሐይቅ ከደሴ ወደ ወልዲያ በሚወስደው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ የምትገኝ የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ ናት። አምባሰል ከተሁለደሬ በስተሰሜን ይዋሰናል። የአምባሰል ዋና ከተማ ውጫሌ በ1881 ዓ.ም. ከኢጣሊያ ጋር በተፈረመው ውል ስሟ ይነሳል፤ ወረዳው ራሱም ከአራቱ የዜማ ቅኝቶች ለአንዱ መጠሪያ ሆኗል። አገሩ ከሐይቁ ዳር ተነስቶ እስከ ግሸን ከፍታ ይወጣል። ይህ ከጨቅላ ኑሮ ጋር በቀጥታ ይገናኛል፤ ደጋው ላይ ሌሊቱ ብርቱ ብርድ ነው፣ አዲስ የተወለደ ሕፃን ደግሞ የሰውነቱን ሙቀት በራሱ ጠብቆ ማቆየት አይችልም።

በገበሬ ቤት ወንዱ ያርሳል፣ ይዘራል፣ ይወቃል። ሴቷ ውኃ ትቀዳለች፣ እንጨት ትለቅማለች፣ ትጋግራለች፣ ወጥ ትሠራለች፤ ይህን ሁሉ ስትሠራ ብዙ ጊዜ ልጅ ጀርባዋ ላይ ነው። ወንድ ማጀት ከገባ «ሴታሴት» የሚል ስም ይወጣለታል። ስሙን ፈርቶ ልጁን ደጅ ላይ የማያቅፍ፣ ቤት ውስጥ ግን አባብሎ የሚያስተኛ አባት ጥቂት አይደለም።

ይሁንና የቤት ሥራ በወንድ እጅ ሲሠራ ማየት ለዚህ አገር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። በ13ኛው መቶ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያደራጁት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም ሴት የማትገባበት ነው። በእንዲህ ያለ ገዳም ሊጥ የሚያቦካውም፣ የሚጋግረውም፣ ውኃ የሚቀዳውም፣ የታመመ የሚያስታምመውም ወንድ ነው። ሙያው ለወንድ እንደማይከለከል በሐይቁ ዳር ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ሲታይ ኖሯል፤ ከገዳሙ ወደ ትዳር ቤት ያልተሻገረው ልማዱ ብቻ ነው።

ከምጥ እስከ አርባ ቀን

የአባት ሥራ የሚጀምረው ልጁ ሳይወለድ ነው። ከመኪና መንገድ በራቁ የገጠር ቀበሌዎች ምጥ የያዛትን ሴት በቃሬዛ የሚያወጧት ወንዶች ናቸው። ቀኗ የደረሰ ነፍሰ ጡር ጤና ጣቢያ ባለው የእናቶች ማቆያ ቀደም ብላ እንድትገባ ስንቅ የሚያዘጋጀውና ቤቱን የሚረከበው ባል ነው። ይህ ዝግጅት ሕይወት ያድናል። በአገር አቀፉ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት በጤና ተቋም የተካሄዱ ወሊዶች እ.ኤ.አ. በ2016 ከመቶ 26 ነበሩ፤ በ2019 ወደ 48 ከፍ ብለዋል። ከግማሽ የሚበልጡት እናቶች ግን ያኔም ቤታቸው ይወልዱ ነበር።

ሕፃኑ እንደተወለደ ተወልውሎ በደረቅ ጨርቅ ይሸፈንና እናቱ ደረት ላይ ይደረጋል። በመጀመሪያው አንድ ሰዓት ውስጥ ጡት መያዝ አለበት። ያን ጊዜ የሚወጣው ቢጫ እንገር በሽታን የሚከላከሉ ንጥረ ነገሮች የሞሉበት ነው፤ በብዙ የአማራ አካባቢዎች ግን ታልቦ ይደፋ ነበር፤ በምትኩ ጥሬ ቅቤ የማስላስ ልማድ ቆይቷል። እዚህ ላይ የአባት ቃል ክብደት አለው። አራሷ ደክማ ተኝታለች፤ አያት ቅቤውን ይዘው ቀርበዋል። «እማዬ፣ ሐኪሞቹ ከጡት በቀር ምንም እንዳይቀምስ ብለዋል» ብሎ በአክብሮት የሚመልሰው አብዛኛውን ጊዜ አባት ነው።

እናት በቀዶ ጥገና ከወለደች ወይም ከታመመች የሕፃኑ ማሞቂያ የአባት ደረት ይሆናል። አባት ሸሚዙን ያወልቃል፤ ልጁ ከሽንት ጨርቅና ከኮፍያ በቀር ራቁቱን ሆኖ ደረቱ ላይ በቁመቱ ይጣበቃል፤ ከላይ ጋቢ ይደረብባቸዋል። ይህ ዘዴ የካንጋሮ እንክብካቤ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጨረሻ በኮሎምቢያ ዋና ከተማ ቦጎታ የማሞቂያ መሣሪያ ያነሳቸው ሐኪሞች የጀመሩት ነው። በኢትዮጵያም ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው አዲስ አበባ ውስጥ ክብደታቸው አነስተኛ በሆነ ሕፃናት ላይ አጥንተውታል፤ እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ጥናታቸው በዚህ መንገድ የተያዙት ከሌሎቹ ይልቅ በሕይወት የመቆየት ዕድላቸው የተሻለ መሆኑን አሳይቷል። መብራት በሚጠፋበትና ማሞቂያ በማይገኝበት የደጋ ቀበሌ ቀን ከሌት ሳይቋረጥ የሚሠራው ማሞቂያ የወላጅ ገላ ነው።

ቀጣዮቹ ቀናት የሥርዓት ቀናት ናቸው። ሙስሊም አባት በልጁ ቀኝ ጆሮ አዛን ያሰማል፤ በሰባተኛው ቀን አቂቃ ይታረዳል፣ የልጁ ፀጉር ይላጫል፣ ስም ይወጣል። በክርስቲያን ቤት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሳሉ። ወሎ ውስጥ ሁለቱ እምነቶች በአንድ መንደር፣ አንዳንዴም በአንድ ቤተ ዘመድ ስለሚኖሩ ጎረቤት የሁለቱንም ድግስ ይበላል፤ አራስም ሳትለይ ትጠየቃለች። ገንፎውንና አጥሚቱን የሚያመጡት ሴቶች ናቸው፤ የአባት ድርሻ በልማዱ ማረድና መጋበዝ ነው። ቤት የሚውል አባት በዚያ ላይ የአራሷን ልብስ ያጥባል፣ እሳቱን ያነድዳል፣ ጠያቂ ሲበዛም እናትና ልጅ እንዲያርፉ በሩን ይጠብቃል።

የእነዚያ ቀናት ትልቁ ጥንቃቄ እትብት ነው። ደርቆ እስኪወድቅ ንጹሕና ደረቅ ሆኖ መቆየት አለበት፤ ቅቤም ሆነ አመድ አይነካውም። እንጥል ማስቆረጥና የወተት ጥርስ ማስነቀል ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣሉ። የሴት ልጅ ግርዛት በ1996 ዓ.ም. በወጣው የወንጀል ሕግ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው፤ በአማራ ክልል ሲፈጸም የኖረውም በአብዛኛው ገና በጨቅላነት ነው። አባት በእነዚህ ጉዳዮች «አይሆንም» ካለ ውሳኔው ብዙውን ጊዜ ይጸናል፤ ቤት ሲውል ደግሞ እሱ ሳያውቅ የሚደረግ ነገር አይኖርም።

ጡት የእናት፣ ማቀባበል የአባት

እስከ ስድስት ወር ሕፃን ከእናት ጡት በቀር ውኃም ሆነ የአብሽ ውኃ አያስፈልገውም። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው ጥናት ከስድስት ወር በታች ካሉ የኢትዮጵያ ሕፃናት ጡት ብቻ ይጠቡ የነበሩት ከመቶ 59 ናቸው። አባት ጡት ማጥባት ባይችልም መጥባቱ እንዲቀጥል የሚያደርገው ብዙ ነገር አለ። ሌሊት ልጁ ሲነቃ አንስቶ እናቱ ጎን ያመጣል፤ ጠብቶ ሲጨርስ ትከሻው ላይ አድርጎ ጀርባውን እየመታ ያስገሳዋል፤ የሽንት ጨርቁን ይለውጥና ያስተኛዋል። እናት በዚህ መሃል እንቅልፏን ትቀጥላለች። ያረፈችና የጠገበች እናት ጡቷ በቀላሉ አይነጥፍም።

እናት ሥራ ስትጀምር የታለበ የጡት ወተት ይተካታል። ጠዋት ከመሄዷ በፊት እጇን ታጥባ ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ታልባለች። ወተቱ በተራ ክፍል ሙቀት እስከ አራት ሰዓት፣ ፍሪጅ ውስጥ እስከ አራት ቀን ይቆያል። ሲፈለግ እሳት ላይ አይጣድም፤ ዕቃው ሙቅ ውኃ ውስጥ ተነክሮ ለብ ይላል። ለማጠብ የሚያስቸግረው ጡጦ ተቅማጥ ስለሚያመጣ የጤና ባለሙያዎች ስኒ ይመክራሉ። አባት ልጁን ቀና አድርጎ ጭኑ ላይ ያስቀምጣል፤ የስኒውን ጠርዝ ከታችኛው ከንፈር ያስነካል፤ ወተቱ ከንፈሩን እስኪነካ ብቻ ያዘነብለዋል። ሕፃኑ በምላሱ እየላሰ በራሱ ፍጥነት ይጠጣል። ወተቱን አፉ ውስጥ ማፍሰስ ትን ያስብላል። መጀመሪያ ላይ ግማሹ አገጭ ላይ ይፈስሳል፤ ሲለመድ ግን ጠብታ አይባክንም።

ሐይቅ ከተማ ውስጥ ሌላም መላ አለ። የእናቲቱ መሥሪያ ቤት ቅርብ ከሆነ አባት ልጁን አቅፎ በምሳ ሰዓት ይወስድላታል፤ ጠብቶ ይመለሳሉ።

የቀኑ ውሎ

የጨቅላ ቀን በሰዓት አይመራም። አዲስ የተወለደ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ14 እስከ 17 ሰዓት ይተኛል፤ እንቅልፉ ግን የተቆራረጠ ነው። ይህን ያወቀ አባት ሥራውን በእንቅልፉ ልክ ይቆራርጣል፤ አንዱ እንቅልፍ ለልብስ አጠባ፣ አንዱ ለምሳ፣ አንዱ ለራሱ ዕረፍት ይሆናል። ሕፃን የሚተኛው በጀርባው፣ ጠንከር ባለ ፍራሽ ላይ፣ ፊቱ ሳይሸፈን ነው። የማጀት ጭስ ለጨቅላ ሳንባ ጠንቅ ስለሆነ የሚተኛበት ቦታ ከምድጃው ይራቅ።

ጠዋት ከ2 እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ፀሐይ ማሞቅ አለ። ልጁ ከነፋስ ተከልሎ፣ ልብሱ ተገልጦ፣ ዐይኑ ተጋርዶ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይሞቃል። በመስታወት ውስጥ የምትገባ ፀሐይ ለዚህ አትጠቅምም። ፀሐይ ቆዳ ላይ ቫይታሚን ዲ ትሠራለች፤ ይህ ሲጎድል አጥንት የሚያለሰልሰው ሪኬትስ ይመጣል። ዶክተር ሉሉ ሙሄና ባልደረቦቻቸው በአዲስ አበባው የኢትዮ ስዊድን የሕፃናት ሆስፒታል አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1997 ባሳተሙት ጽሑፍ ሪኬትስ ያለባቸው ልጆች በሳንባ ምች የመያዝ ዕድላቸው 13 እጥፍ ያህል ሆኖ ተገኝቷል። ብርዱን ፈርቶ ልጁን ቀኑን ሙሉ አከናንቦ ቤት ውስጥ ማዋል ከብርዱ የባሰ ጉዳት አለው።

ገላ ማጠብ አዲስ አባትን በጣም የሚያስፈራው ሥራ ነው፤ እርጥብ ሕፃን ያንሸራትታል፣ አንገቱም አልጸናም። መጀመሪያ ፎጣው፣ ልብሱና የሽንት ጨርቁ ተዘርግተው ይዘጋጃሉ፤ መስኮትና በር ይዘጋል። ሳፋው ውስጥ ቀዝቃዛው ውኃ ቀድሞ ይገባል፣ ሙቁ ይከተላል፤ ሙቀቱ በክርን ይለካል። ከዚያ የግራ ክንድ ከልጁ አንገት ሥር ያልፍና መዳፉ የራቀውን ብብት ጨብጦ ይይዛል፤ ቀኝ እጅ ብቻ ያጥባል። ፊት በንጹሕ ውኃ ይቀድማል፤ የአንገት፣ የብብትና የብሽሽት እጥፋቶች ይከተላሉ፤ መቀመጫ መጨረሻ ነው። ሁሉም በአምስት ደቂቃ ያልቃል። ወዲያው በፎጣ ተጠቅልሎ እጥፋቶቹ ይደርቃሉ፤ እርጥበት የቀረበት እጥፋት ይቆስላልና።

የሽንት ጨርቅ መለወጥ ከሁሉም ሥራ የበዛ ነው። ከተማ ውስጥ ዳይፐር ይገዛል፤ ዋጋው ስለሚከብድ ብዙ ቤት ለሌሊትና ለጉዞ ይቆጠብና ቀን ጨርቅ ያገለግላል። ጨርቁ በሳሙና ታጥቦ፣ በፈላ ውኃ ተለቅልቆ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ሽንቱን የሚለውጥ ሰው የልጁን ጤና ይከታተላል፤ በቀን ስድስት ጊዜና ከዚያ በላይ የሚሸና ሕፃን በቂ ወተት አግኝቷል። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው የሚባለው እዚህ ቦታ ላይ በተግባር ይፈተናል።

ለቅሶ ከሁለተኛው ሳምንት ጀምሮ እየበረታ በሁለተኛው ወር ጣሪያ ይነካል፤ በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ይበርዳል። አባት በተራ ይፈትሻል፤ ረሃብ፣ እርጥበት፣ ብርድ ወይም ሙቀት፣ የሆድ ነፋስ፣ እንቅልፍ። ምንም ካልተገኘ አቅፎ መንጎራደድና እሹሩሩ ማለት አለ፤ ወፍራም የወንድ ድምፅ በደረት በኩል ሲሰማ ብዙ ሕፃናትን ያረጋጋል። ትዕግሥት ሲያልቅ ልጁን በጀርባው አስተኝቶ ለጥቂት ደቂቃ ደጅ ወጥቶ መተንፈስ ይሻላል። ሕፃንን መነቅነቅ አንጎል ውስጥ ደም ያፈስሳል፤ በምንም ምክንያት አይደረግም።

ማዘል የሚጀመረው አንገት ከጸና በኋላ ነው፤ ይህም በሦስተኛውና በአራተኛው ወር ገደማ ይሆናል። እስከዚያ ደረት ላይ ይታቀፋል። የቆዳ አንቀልባ አሁን በብዙ ቤት በነጠላና በፎጣ ተተክቷል። የልጁ ጉልበቶች ከመቀመጫው ከፍ ብለው፣ እግሮቹ ተከፍተው፣ አፍንጫው ነፃ መሆን አለበት። ልጅ ያዘለ ወንድ ጎዳና ላይ ሰው ዘወር ብሎ ያየዋል፤ ቢሆንም ሁለት እጁ ነፃ ሆኖ ሱቁን ይከፍታል፣ ውኃ ይቀዳል፣ እሳት ያነድዳል።

ክትባትና ሕመም

ልጁ እንደተወለደ የቲቢና የመጀመሪያው የፖሊዮ ክትባት ይሰጠዋል። ቀጣዩ በተለምዶ «የ45 ቀን» የሚባለው በስድስተኛው ሳምንት ነው፤ በ10ኛውና በ14ኛው ሳምንት ይደገማል። በእነዚህ ዙሮች ከዘጊ አነዳ፣ ከትክትክ፣ ከመንጋጋ ቆልፍ፣ ከጉበት ብግነት፣ ከሳንባ ምችና ከብርቱ ተቅማጥ የሚከላከሉ ክትባቶች ይሰጣሉ። የኩፍኝ ክትባት በዘጠኝ ወርና በ15 ወር ነው። በገጠር ይህን የሚያደርሱት በ1995 ዓ.ም. በተጀመረው ፕሮግራም በየቀበሌው የተመደቡ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው።

በክትባት ቀን ጤና ኬላው ደጅ የሚሰለፉት በአብዛኛው እናቶች ናቸው። ልጅ አቅፎ የመጣ አባት መጀመሪያ የሚሰማው ጥያቄ «እናቱስ?» የሚል ነው። ወንበር የሚለቁለት አሉ፤ ካርዱን የማይጠይቁት አሉ፤ ምክሩን «ለእናቱ ንገራት» ብለው የሚያሳጥሩበትም አሉ። ምክሩ መሰጠት ያለበት ልጁን ለሚይዘው ሰው ነው፤ ቤት የሚውለው አባት ደግሞ ያ ሰው ነው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ወራት ጦርነቱ ደቡብ ወሎ ሲደርስ ብዙ ጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፤ ክትባቱም ተቋርጦ ነበር። እንዲህ ያለ ጊዜ ካርዱን ጠብቆ ያለፈውን ዙር የሚያስታውስና የሚያስጨርስ ወላጅ ያስፈልጋል።

ሕመምን ቶሎ ማወቅ የአባት ትልቁ ኃላፊነት ነው። ጡት እንቢ ማለት፣ ማንቀጥቀጥ፣ ካልነኩት አለመንቀሳቀስ፣ ከ37.5 ዲግሪ በላይ ማተኮስ፣ እጅና እግር መቀዝቀዝ፣ የእግር መዳፍ ቢጫ መሆን የአደጋ ምልክቶች ናቸው። ትንፋሽም ይቆጠራል። ልጁ ጸጥ ባለ ጊዜ ልብሱ ይገለጣል፤ አባት በስልኩ አንድ ሙሉ ደቂቃ ይይዛል፤ ሆዱ ከፍ ባለ ቁጥር አንድ ብሎ ይቆጥራል። ከሁለት ወር በታች ያለ ሕፃን በደቂቃ 60ና ከዚያ በላይ ከተነፈሰ ይደገማል፤ ሁለተኛውም እንዲያ ከሆነ፣ ወይም ደረቱ ወደ ውስጥ ከሰረጎደ፣ ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ይኬዳል። ከደጋማ መንደር ጤና ጣቢያ መድረስ ሰዓታት ሊፈጅ ስለሚችል ውሳኔው ለማታ አይተላለፍም።

እናት ዓረብ አገር ስትሆን

ደቡብ ወሎ ሴቶች ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ፣ ኩዌት፣ ዱባይና ቤይሩት በብዛት ከሚሄዱባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው። ከ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ በጥቂት ወራት ሳዑዲ ዓረቢያ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ የወሎ ቤቶች ከዋነኞቹ ተቀባዮች መካከል ነበሩ። በዚያው ዓመት የተጣለው የጉዞ እገዳ በ2008 ዓ.ም. አዲስ አዋጅ ወጥቶ በ2010 ዓ.ም. እስኪነሳ ድረስ ጉዞው በሕገ ወጥ መንገድ ቀጥሏል። የሥራ ውሉ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፤ ልጁ ዳዴ ሲል፣ ሲቆምና አፍ ሲፈታ እናቱ አትኖርም።

ብዙ ቤት ልጁን የምትረከበው አያት ናት። አያት ከሌለች ወይም ካረጀች ግን ኃላፊው አባት ነው። ልጁ ስድስት ወር ሳይሞላው ጡት ከተቋረጠ ከሁሉ የከፋው ችግር ወተት ነው። የዱቄት ወተት ውድ ነው፤ እንዲበረክት ብሎ ማቅጠን ደግሞ ልጁን ያስርባል፤ ባልፈላ ውኃ ከተበጠበጠ ተቅማጥ ያመጣል። የላም ወተት ከዓመት በታች ላለ ልጅ የእናትን ጡት አይተካም። ስለዚህ ጉዞ ሲታሰብ የልጁ ዕድሜ በቤተሰቡ ምክክር ውስጥ ሊቀድም የሚገባው ነገር ነው።

በዚህ ቤት ብር የምትልከው እናት፣ ልጅ የሚያሳድገው አባት ነው። የላከችው ገንዘብ ለምን እንደዋለ ጎረቤት ሁሉ ይጠይቃል፤ አባት ግን ሲሠራ ስለዋለው ሥራ የሚጠይቀው የለም። ብዙ ቤተሰብ ማታ ማታ በኢሞ የቪዲዮ ጥሪ ይገናኛል። አባት ልጁን ስልኩ ፊት ያቀርባል፤ እናት ስሙን እየጠራች ታወራዋለች። ፊቷንና ድምፅዋን በየቀኑ ያየና የሰማ ልጅ ስትመለስ እንግዳ አትሆንበትም።

ከስድስት ወር በኋላ

ስድስት ወር ሲሞላ ተጨማሪ ምግብ ይጀመራል፤ ከዚህ ጊዜ ወዲህ አባት በመመገብ ረገድ ከእናት የሚያንስበት ነገር የለም። የምጥን ዱቄቱ ሦስት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ ነው፤ ጤፍ፣ ማሽላ ወይም በቆሎ ከሽምብራ ወይም ከባቄላ ጋር ይፈጫል። ገንፎው ከማንኪያ ላይ ተንጠባጥቦ እስኪወርድ መቅጠን የለበትም፤ ቀጭን ምግብ ሆድ ይሞላል እንጂ ኃይል አይሰጥም። በላዩ ላይ እንቁላል፣ የተፈጨ ጎመን፣ ዱባ ወይም ካሮት፣ ጥቂት ቅቤ ይታከላል። ሐይቅ ዳር ለሚኖር ደግሞ ቆሮሶ ዓሣ ቅርብ ነው፤ ተቀቅሎ እሾሁ በጣት ተለቅሞ ይላማል። ከዓመት በታች ማር አይሰጥም። ከስድስት እስከ ስምንት ወር በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ፣ ከዘጠኝ ወር ጀምሮ ሦስት አራት ጊዜ ይበላል፤ ጡቱም ካለ እስከ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ይቀጥላል።

ልጁ ዳዴ ሲጀምር ቤቱ ራሱ ይለወጣል። ምድጃው ይከለላል፤ የፈላ ጀበና ከእጁ ይርቃል፤ የጋዝ ጠርሙስ፣ መድኃኒትና ሳንቲም ከፍ ብለው ይቀመጣሉ። ልብስ የሚታጠብበት ሳፋም ውኃ እንደያዘ አይተውም።

የአባት ገላና መንፈስ

አባትነት የወንድን ገላ ይለውጣል። እ.ኤ.አ. በ2011 በፊሊፒንስ በ624 ወንዶች ላይ የታተመ ጥናት አዲስ አባቶች የቴስቶስቴሮን መጠናቸው እንደሚቀንስ፣ በየቀኑ ለረዥም ሰዓት ልጃቸውን በሚንከባከቡት ላይ ደግሞ ይበልጥ ዝቅ እንደሚል አሳይቷል። በመካከለኛው አፍሪካ ጫካ የሚኖሩትን የአካ ሕዝቦች ያጠናው ባሪ ሂውሌት አባቶቹ የቀኑን ግማሽ ያህል ከጨቅላቸው እጅ እንደማይርቁ መዝግቧል። ስለዚህ ጨቅላ የሚያቅፍ ወንድ ከተፈጥሮው አልወጣም፤ ገላው ለዚህ ሥራ ራሱን ያዘጋጃል።

ድካሙም እውነተኛ ነው። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ሲጠቃለሉ ከአሥር አዲስ አባቶች አንዱ ያህል የመንፈስ ጭንቀት እንደሚያድርበት ያሳያሉ። ቤት የሚውል አባት ደግሞ ብቻውን ነው፤ እናቶች ቡና ላይ ተሰብስበው ይመካከራሉ፣ ወንዶቹ ጓደኞቹ ሥራ ወይም የጫት በርጫ ላይ ናቸው። እንቅልፍ ማጣት፣ ያለ ምክንያት መቆጣት፣ ከልጁ መራቅን መሻት ሲደራረቡ ለባለሙያ መንገር ይገባል። የጎረቤት እናቶች ቡና ላይ የሚጠሩት አባት ግን ብዙ ይማራል፤ ልጆች ያሳደገች ሴት በአንድ ስኒ ቡና የምታስተምረው ብዙ ነው።

ሕጉና አውራ አምባ

በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ለአባት ሦስት ተከታታይ ቀን ከሙሉ ደመወዝ ጋር ፈቅዷል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064 ደግሞ አሥር ቀን ሰጥቶ ነበር። ለእናት በሁለቱም ሕጎች ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ተሰጥቷታል። ጡት ብቻ መጥባት ያለበት ጊዜ ስድስት ወር ሲሆን የእናት ፈቃድ በሦስት ወር ያልቃል፤ መሃል ላይ የቀረውን ሦስት ወር የሚሸፍን ሰው ሕጉ አላሰበም። ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1974 የእናትን ፈቃድ የወላጆች ፈቃድ አድርጋ አባትም እንዲወስደው ፈቀደች፤ ኖርዌይ በ1993 ከፈቃዱ ለአባት ብቻ የሚሆን ድርሻ ለየች። ድርሻው ሲለይ የሚወስዱት አባቶች በእጅጉ በዙ።

አርአያው ግን ባሕር ማዶ ብቻ አይደለም። በዚሁ በአማራ ክልል፣ በደቡብ ጎንደር ፎገራ ወረዳ፣ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት የአውራ አምባ ማኅበረሰብ ሥራን በጾታ አይከፍልም። ሴት ታርሳለች፣ ትሸምናለች፤ ወንድ ይፈትላል፣ ይጋግራል፣ ልጅ ይይዛል። የወለደች ሴት ሦስት ወር ታርፋለች። ማኅበረሰቡ በዚህና በሌላ ልማዱ ከጎረቤት ተገልሎ፣ በደርግ ዘመን ከቀዬው እስከ መሰደድ ደርሷል፤ ከተመለሰ በኋላ ግን ከመላ አገሪቱ ጎብኚ የሚመጣበት ሆኗል።

ሐይቅና አምባሰል ላይ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። የጤና ኤክስቴንሽን ምክር አባትንም ስሙን ጠርቶ ያነጋግር፤ የክትባት ካርድ ይዞ የመጣ ወንድ እንደማንኛውም ወላጅ ይስተናገድ፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች በሕግ የታዘዘውን የሕፃናት ማቆያ ይክፈቱ፤ የአባት ፈቃድ ቢያንስ እናት ከአራስ ቤት እስክትወጣ ይርዘም። መስጊድም ቤተ ክርስቲያንም ልጅ የሚያሳድግ አባትን በአደባባይ ያመስግኑ። ሕፃኑ ማን እንዳጠበው አይመርጥም፤ የሚፈልገው ንጹሕ፣ ሞቃት፣ የጠገበና የተወደደ መሆን ነው፤ አባት ይህን ሁሉ መስጠት ይችላል።